ዘጠና ሁለት ዲግሪ

ባለፈው ቅዳሜ የሳይንስ መምህሬን ቲቸር ተካልኝን አሰላ ቀብረናቸው መጣን። ድንኳኑ ውስጥ ሴት ልጃቸው አጠገቤ ጎንበስ ብላ «እስኪ ስለ አባባ እርስዎም አንድ ነገር ይበሉ» አለችኝ። ተነሣሁ፤ ግን «ነፍሳቸውን ይማር» ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ልናገር የፈለግኩት ይኸው ነው።

ቲቸር ተካልኝ ከጎጃም ተመድበው ሲመጡ ሐሳባቸው ሁለት ዓመት ሠርቶ መዛወር ነበር። ብርዱን ሲያማርሩ፣ ጋሪ ላይ መውጣት ሲፈሩ እየሳቅንባቸው እዚያው አገቡ፣ ወለዱ፣ ሸበቱ። ኪሳቸው ከገብስ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ደኅና ጥያቄ ለጠየቀ ተማሪ አንድ እፍኝ ይዘግኑለታል።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብስ እየታጨደ ስለነበር በመስኮቱ የጭድ ሽታ ይገባል። ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ቲቸር ቡታጋዝ ላይ ውሃ ጥደው፣ ሲንተከተክ ተራ በተራ እያነበብን ደብተራችን ላይ እንድንጽፍ አዘዙን። ሁሉም መቶ ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉ መቶ ይላላ! እኔ ዘጠና ሁለት አየሁ፣ ዘጠና ሁለት ጻፍኩ።

ዓርብ ዕለት ደብተሬ ሲመለስልኝ ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«አዘንብለሽ አንብበሽው ይሆናል። ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው» አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጫልቱ ቀሚሴን ጎትታ «ጨሊሲ! ዝም በይ!» አለችኝ። ከሁሉ የምወደው ትምህርት ሳይንስ ነበር። ዓይኔን ማመን ካልቻልኩ ግን ምን ያደርግልኛል ብዬ፣ ሁለተኛ እጄን ላላወጣ ምዬ፣ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ ቲቸር ገቡና ጠመኔ ሳያነሡ ፊታችን ቆሙ።

«ነገሩ አላስቀምጥ ቢለኝ ቅዳሜ ቤቴ አፈላሁት፤ ዘጠና ሁለት። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ትናንት ይዤው አዳማ ወረድኩ። እዚያ ዘጠና አምስት ሆነ። ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ውሃ ገና ብዙ ሳይሞቅ እንደሚፈላ፣ መጽሐፉ መቶ ያለው በባሕር ጠረፍ ላለ አገር እንደሆነ አስረዱን። እናቴ «የአሰላ ባቄላ እሺ ብሎ አይበስልም» የምትለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መጽሐፉን አምኜ አንቺን ሳላምንሽ ቀረሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተን ስለማናውቅ የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን። ጫልቱ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ቲቸር፣ እኔም ያየሁት ዘጠና ሁለት ነበር» አለች። ከኋላ አንድ ሌላ ልጅ ተነሣ። ከዚያ ሌላ። ግማሹ ክፍል ቆመ።

ዛሬ እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ወር አዲስ የተቀጠረች ልጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እትዬ፣ ይቺን ስላይድ እንደገና ቢያዩዋት?» አለችኝ። አንቺ ሳትወለጂ ነው የጀመርኩት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንደምንም ዋጥኩትና ዝቅ ብዬ በማይክሮስኮፑ አየሁ። ልክ እሷ ነበረች። «ተሳስቻለሁ» ስላት ፊቴ ጋለ።

ያን ሰኞ ይቅርታ መጠየቅ ለቲቸር ተካልኝ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር የኖርኩት።