የየሻረግ ነፋስ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደምበጫ ላይ ሞቅ ያለ ነፋስ ተነስቶ የባጃጆቹን መጋረጃ ያርገበግብ ጀመር። የደረቀ ሣር ይሸታል። ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ ግን አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ሮብ ገበያ አጠገብ ስንኖር፣ አባቴ ነፋስን የሚጠራው በመጣበት አገር ነበር። ከተራራው የሚወርደው ብርዳሙ የጮቄ ነፋስ ነው፤ ከታች ከይጁቤ በኩል የሚመጣው ሞቃቱ ደግሞ የቆላ ነፋስ። ታላቅ እህቴ የሻረግ ይጁቤ ከተዳረች ወዲህ ግን እናቴ ሞቃቱን "የየሻረግ ነፋስ" ትለው ጀመር።

አንድ ቀን አውድማ ላይ ጤፍ ስናዘራ ያ ነፋስ መጣ። አባቴ "ተመስገን!" ብሎ ማዝሪያውን ላይዳ አነሳ። እናቴ ግን ፊቷን ወደ ይጁቤ አዙራ ቆመች።

"ልጄ ደህና አይደለችም" አለች።

"ነፋስ ነው የነገረሽ?" አላት አባቴ።

ነጠላዋን ለብሳ የቁልቁለቱን መንገድ ጀመረችው፤ እኔም ተከተልኳት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ነፋሱ ዞሮ ከጮቄ በኩል ይነፍስ ጀመር። እናቴ ቆማ ብዙ አመነታችና ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ፣ የሻረግ ባሏን ትታ ጠፋች የሚል ወሬ መጣ። የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም።

"እማዬ፣ ያ ነፋስ ወዴት ሄደ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ስም የምናወጣለት በመጣበት ነው፤ የሚሄድበትንማ ጠይቀን አናውቅም" አለችኝ።

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ የእህቴን ወሬ ግን ዛሬም አልሰማንም። እግሬ መናኸሪያው አደረሰኝ። የሚኒባሱ ረዳት "እትዬ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?" አለኝ። ነፋሱ ወደሚሄድበት በእጄ አሳየሁት፤ ወደ ቤቴም አልተመለስኩም።