በሩጫ ቲሸርት የሸኘናቸው ሰው

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው፣ እሁድ ጠዋት። ያልረሳሁት የሩጫው ቲሸርት አሁንም ቤት ስላለ ይመስለኛል። ባለቤቴ ወለል ልትወለውልበት ባነሳችው ቁጥር አስጥላታለሁ። ለምን እንደሆነ ማስረዳቱ ግን ረዘም ይላል።

ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሥራዬ ቁጭ ብሎ ነው፤ ሆዴ ምስክር ነው። ነርስ የሆነችው ልጄ ሰሚራ አንድ ቀን የደም ግፊቴን ለካችና ፊቷን አጠቆረች። በነጋታው ሁለት የሩጫ ቲሸርት ይዛ መጣች፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ። ለከተማው ሰው የተዘጋጀ ሩጫ ነው፤ ከፒያሳ ተነስቶ፣ በሆጤ ዞሮ፣ እዚያው ፒያሳ ያበቃል። በዚህ ዕድሜዬ አልሮጥም አልኳት።

ኋላ ግን ተስፋዬም መመዝገቡን ሰማሁ። ተስፋዬ ከሱቄ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ በሆድ ትንሽ ይበልጠኛል። እንግዲህ እሱ ሮጦ እኔ ከቀረሁ፣ ከዚያ በኋላ በሱቁ በር እንዴት አድርጌ ነው የማልፈው? ሮጥኩ።

ሮጥኩ የምለው ለወግ ነው። ሰሚራ ገና ከመነሻው ጥላን ሄደች። የመነሻው ሙዚቃ ከጆሯችን ሳይጠፋ እኔና ተስፋዬ መራመድ ጀምረን ነበር፤ ሁለታችንም ግን አላመንንም። እሱ ፈጠን ሲል እኔም ፈጠን እላለሁ። ከኋላችን ብዙ ሰው አለ፤ ሴቱም፣ ወንዱም፣ ልጁን ትከሻው ላይ የጫነውም እየዘፈነና እየጨፈረ ይመጣል።

ወደ ሙስሊሙ መቃብር የሚወስደው ኮረኮንች መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከጎን መንገድ ጀናዛ ወጣ። አስተባባሪዎቹ ገመድ ወጥረው ስለነበር ሯጩ እስኪያልፍ ቀባሪዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ቃሬዛውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ ቃሬዛው በሳቸው በኩል ዘምሞ ከሩቅ ይታያል። ከኋላ ሸኹ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ከሳቸው ራቅ ብላ ደግሞ አንዲት ሴት። ሌላ ሰው የለም።

እኛ አገር ጀናዛ እያለፈ ሥራውን የሚቀጥል ሰው የለም። ባለ ሱቅ ሱቁን ትቶ ይወጣል፣ ሟቹን ባያውቀውም ጥቂት ተሸክሞ ይመለሳል። ስማቸውን ሳላውቅ ስንቱን ሸኝቻለሁ። በቁምጣ ግን ሸኝቼ አላውቅም። ቁምጣዬን ወደ ታች እየሳብኩ ሳመነታ ተስፋዬ በገመዱ ሥር ሾለከ። ሽማግሌውን "አባባ፣ ለኔ ይልቀቁት" ብሎ ትከሻውን አስገባ። ተስፋዬ ክርስቲያን ነው። የቀደመኝ እዚያ ላይ ነው። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ከጎኑ ያለውን ሰው ተቀበልኩ።

ሽማግሌው የሴትዮዋ ቤት አከራይ ናቸው። አጠገባችን እየሄዱ ነገሩን አጫወቱን። ሟቹ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ኮምቦልቻ ነው። ሲታመሙ ይህች ከኋላ የምትከተለው ልጃቸው ዘሀራ እዚህ አመጣቻቸው፣ ሰፈሩ ገና አላወቃቸውም። የሚያውቃቸው የኮምቦልቻ ቅሬያቸው፣ የቀብር ዕድራቸው ነው፤ ከነሱ ጋር ነው ስንቱን ሲቀብሩ የኖሩት። የቅሬው ሰዎች በማለዳ አውቶቡስ ይዘው ተነስተዋል። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ሩጫ ስላለ መንገዱ ዝግ ነው ተብለው ቆሙ። ሸኹ ጠበቁ፣ ጠበቁና ጀናዛ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን፣ ያውም ደረታችን ላይ ቁጥር ለጥፈን።

ወደ ኋላ ዞር ስል ሩጫው እየተከተለን ነው። ከኛ ቀጥሎ የነበሩት ጀናዛውን አይተው ነው የታጠፉት። ከነሱ ኋላ ያሉት ደግሞ ቲሸርቱ ወደዚያ ሲታጠፍ አይተው መንገዱ በዚያ መስሏቸዋል። እየጨፈሩ ይታጠፉና ቃሬዛውን ሲያዩ ዘፈኑን ያቆማሉ። የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም። አንድ አስተባባሪ በድምፅ ማጉያ "መንገዱ በዚህ አይደለም" እያለ ሮጦ ደረሰብን። ሲጠጋ አየ። ድምፅ ማጉያውን ብብቱ ውስጥ ከቶ እሱም ተከተለ።

ትከሻ የሚቀይረን ስለበዛ ተራዬ ዳግም አልደረሰኝም። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ሯጮች በሩ ላይ ቀርተው ዘሀራን ከበቧት። ወንዶቹ ገብተን አፈር አለበስናቸው። አካፋው በሽሚያ ነበር፤ ለውድድሩ ያልወጣ ጉልበት ሁሉ እዚያ ወጣ።

ልንጨርስ ስንል የኮምቦልቻዎቹ ደረሱ። አውቶቡሱን ትተው በእግራቸው ነው የመጡት፤ የዚያን ቀን የምር የሮጡት እነሱ ናቸው። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪያቸው፣ ጥምጥም ያሰሩ ረጅም ሰው ናቸው። አንድ ዓይነት የለበሰውን ሰው ሁሉ ቆመው ሲያዩ ቆዩና የየት ቅሬ እንደሆንን ተስፋዬን ጠየቁት። ተስፋዬ ትንፋሹ ገና አልተመለሰለትም፣ "የሆጤ" ብቻ አላቸው።

ዳኛው ደረቱ ላይ ያለውን ቁጥር በደንብ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ።

"አያችሁ? ከቀብር የቀረው ሰው በቁጥሩ ይታወቃል። እኛ ስም ስንጠራ ነው የምንውለው።"

ሰዎቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን መንገር ነበረብን። ተስፋዬ ግን የተጣመመ ቁጥሩን አቃና፣ እኔም የኔን አቃናሁ።

ስንወጣ ዘሀራ በሩ ላይ ተነስታ ቆመች። እኛን እያየች ተናገረች፤ ድምጿ ደክሟል።

"ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አባቴ ያልቆፈረለት ሟች የለም። ዛሬ አራት ሰው ብቻ ሳይ፣ እሱ ራሱ ቀባሪ አጣ ብዬ ነበር።"

አላህ ይዘንላቸው አልኳት። አለቀስኩ። ላብ ነው እንዳልል ላቤ ደርቋል።

ፒያሳ ስንመለስ የመድረሻው ምልክት ተነቅሎ ወንበር እየተጫነ ነበር። ሜዳሊያ ለጨረሰ ብቻ ነው ተባልን። ሰሚራ ወድቄ መስሏት በየአምቡላንሱ ስትፈልገኝ ቆይታለች። እስከ ጉልበቴ አፈር ሆኜ ስታየኝ የት እንደወደቅኩ ጠየቀችኝ። ቀብር ነበርኩ ስላት መለካት የነበረበት የሷ ግፊት ነው። ተስፋዬ በበኩሉ ቀድሞ የታጠፈ እሱ ስለሆነ እንዳሸነፈኝ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። በዚህ እስከ ዛሬ እንነታረካለን።

ዘንድሮም ሮጥን። መታጠፊያው ላይ ዘሀራ ውሃ በጀሪካን ይዛ ሯጩን ታጠጣለች። ከሩቅ ለየችን። ኩባያውን አቀበለችኝና "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ቀጥ ብለው ይሂዱ" አለችኝ እየሳቀች። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ጨረስኩም። ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ።

ድሮ የሞቴ ነገር ሲነሳ ይከብደኝ ነበር፤ አሁን ቀለል ብሎኛል። ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ፤ የኔ ቀን ከሩጫው ጋር ከገጠመ መንገድ ተዘጋ ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ በዚያ መታጠፊያ በኩል አውጡኝ።