ቡግንጃም ጎመን

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ዘር መዝራት ነበር። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው። ባለቤቴ ካፖርቱን እንደደረበ ዱካ ላይ ተቀምጦ የዘሩን ፖስታ በሌባ ጣቱ መታ መታ እያደረገ መዳፌ ላይ ያፈስልኛል፤ እኔ ተንበርክኬ በጣቴ በጫርኩት መስመር ላይ እበትናለሁ። የጎመን ዘር ፖስታዎቹ ሁለት ናቸው። በአንዱ ላይ አጭር፣ በሌላው ላይ ረጅም ተክል ተስሏል። እሱ አጭሩን ፈለገ፤ እኔ ደግሞ የትኛውንም አልፈለግሁም። ስለዚህ የችግኙን መደብ በእንጨት ለሁለት ከፍለን ሁለቱንም ዘራን። የምንተክልበት ቦታ ግን የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነበር።

«ሲበቅሉ እንመርጣለን» አለ።

እጄን ታጥቤ ወደ ቤት አስገባሁት። ከዚያ ወዲያ ጓሮ አልወጣም።

ጎመኑን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አገዳው ቀጥ ብሎ ያድግና ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ጫፉ ላይ ይዘረጋል። እንደ ጥቅል ጎመን አናቱ ላይ አይጠቀለልም። በየቅጠሉ ብብት ሥር አንድ አንድ እብጠት ያወጣል፤ እብጠቱ እያደገ ከእንቁላል አስኳል የማይበልጥ ትንሽ ጥቅል ይሆናል። ፈረንጆች የሚበሉት እሱን ነው። ስሙ የአንድ ከተማቸው ስም ነው፤ ባለቤቴ «ብራስልስ» ይለው ነበር። ብዙ ዘመን ፈረንጆች ቤት ወጥ ሠሪ ስለነበረ ዘሩንም አመሉንም ያመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ በተከልነው ዓመት፣ ኮልፌ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንቺ፣ ይሄ ጎመን ምን ነክቶት ነው? ወላሂ ቡግንጅ ወጥቶበታል» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ ስሙ ቡግንጃም ጎመን ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ስሙን ሰምቼ አልሳቅሁም፤ ልክ የሆነ ስም ስለሆነ ነው ያልሳቅሁት።

ያን ዓመት የተከልነው አጭሩን ነበር። መሬቱን ቆፍረን፣ አለስልሰን፣ ያልበሰለ ፍግ አልብሰነዋል። ጎመኑም አጭር አገዳው ላይ እብጠቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ አወጣ። የክረምቱ ውሃ በመካከላቸው ገብቶ ተኛ። የውጪው ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ በጣት ሲነኩት የሚዝለገለግ ነገር ሆነ። ያን ልጬ ስጥል ደግሞ ውስጡ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ አለ፤ አመድ የሚመስል፣ የሚንቀሳቀስ አመድ። ጥፍሬ ሥር ይገባል። ከቆሼ በኩል ነፋስ በተነሣ ቀን የቱ ሽታ ከወዲያ እንደመጣ፣ የቱ ከጓሮዬ እንደሆነ መለየት ያቅተኝ ነበር። የተረፈውን እሱ ይቀቅለዋል፤ ቤቱ የተበላሸ እንቁላል የተሰበረበት ይመስላል። በቅቤና በጨው ለውሶ ዓይኑን ጨፍኖ ሲበላ አልችልም፤ ተነሥቼ እወጣለሁ።

«አንድ ብቻ ቅመሺ» ይለኛል። አንድም አልቀመስኩም።

ሆኖም መተዳደሪያችን እሱ ሊሆን ነበር። በሚቀጥለው ጥር ባለቤቴ በብብቱ ውስጥ ንፍፊት አገኘ። የድካም ነው አልን። ከዚያ በሌላው ብብቱ፣ ከዚያ በአንገቱ ወጣ። ሐኪም ቤት ተመላለስን፤ ቀደዱት፣ አሸጉት፣ መለሱት። ሥራውን ተወ። ያኔ ነው በቁም ነገር ማሰብ የጀመረው፤ ይህን ጎመን የሚያበቅል ሰው በከተማው ጥቂት ነው፤ ፈረንጆች ደግሞ ለገናቸው ገበታ ይፈልጉታል፤ የኛ ሰፈር ብርድ ይስማማዋል፤ «እኔ ብሞት እንኳ አንቺ ጓሮሽን ይዘሽ ትኖሪያለሽ» ይለኝ ነበር። ልጅ የለንም። ሌላ የምተዳደርበት አልነበረኝም።

ቁስሉን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ስለ ሽታው መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ያልጻፍኩት ነገር ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ ተቀምጦ የሚሸተኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን ጨርቁን ስቀይርለት፣ «እኔም እንደ ጎመኑ ከብብቴ ጀመርኩ» አለኝ። ቀልድ መሆኑ ነው። ጨርቁን ሳፋው ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። ስመለስ ተኝቷል፤ አንገቱ ላይ እብጠቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቧል።

ሐምሌ ሲገባ አረፈ። ችግኙ የጣት ቁመት ሆኖ ነበር።

ግቢያችን ዳገታማ ነው፤ ለድንኳን የሚሆን ደልዳላ ቦታ ለተክሉ የተዘጋጀው መደብ ብቻ ነበር። የእድሩ ሰዎች አልጠየቁኝም፤ ማንስ ይጠይቃል። ባለቤቴ በሰው አስቆፍሮ ያለሰለሰው መሬት ላይ ድንኳኑን ተከሉት። ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፤ ደግ ሰው ነበርና። መምጣታቸው ደግ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያየሁት እግራቸውን ነው። የረጠበ ጋቢ፣ የረጠበ ካልሲ፣ ጭቃ ውስጥ የተረገጠ ንፍሮ። አንድ ሰውዬ ንፍጡን ተናፍጦ እጁን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ጠረገ፤ በዚያው እጁ ጨበጠኝና «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። ዝንቡ አይነሣም። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ሁሉንም ነገር ጠላሁት፤ የሚያለቅሱትን ከማያለቅሱት አስበልጬ ጠላሁ።

ችግኙን ያዳነችው ጎረቤቴ ናት፤ አጥሩ ጥግ ስለሆነ በእሾህ ከልላዋለች።

ድንኳኑ ሲነሣ መሬቱ አውድማ ሆኗል። ከገጠር የመጡት ታላቅ ወንድሜ በጫማቸው መታ አድርገው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታውን አስቀመጡኝ። ብቻዬን እንደማልኖር፣ ቤቱን ሸጠው ይዘውኝ እንደሚሄዱ፣ ሚስታቸውም እንደ እህት እንደምታየኝ ነገሩኝ። የሚስታቸውን ዓይን አውቀዋለሁ። እሳቸው ቤት ምድጃ ዳር አንጥፋ የምትተኛ፣ ልጆች የሚልኳት፣ ምግብ ሲቀርብ የምትግደረደር ባልቴት እሆናለሁ። የራሴን በር ዘግቼ የምተኛበት ቤት ቢኖረኝ የባለቤቴ ሽታ ያለበት ይህ ቤት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጓሮውን ልሞክረው» አልኳቸው።

«ምኑን? ይህን ቡግንጃም?» ስሙ እሳቸው ዘንድም ደርሷል።

ብዙ ከተነጋገርን በኋላ እስከ ጥምቀት ድረስ ጊዜ ሰጡኝ። ከጥምቀት በኋላ መጥተው ያያሉ፤ የሚሸጥ ነገር ካለኝ እቀራለሁ፤ ከሌለኝ እሄዳለሁ። ከመሄዳቸው በፊት መሬቱን እንደገና ልቆፍርልሽ ሲሉ እምቢ አልኩ። ሌላ ብልሃት ኖሮኝ አይደለም። ሰው ሁሉ ከግቢዬ እንዲወጣልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ጎረቤቴ ድንች ትከይ፣ ጥቅል ጎመን ትከይ አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ እሷው ሳቀች፤ ጥቅል ጎመን በየጓሮው ነው፣ ኮልፌ ገበያ ላይ ተቆልሎ የሚሸጠው አጥቶ ይበሰብሳል። የሚፈለገው የፈረንጁ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የቱ የሚለው ነው። ከባለቤቴ ጋር ይሠራ የነበረው፣ አሁንም ፈረንጆቹ ቤት ያለው ወጥ ሠሪ ሊያጽናናኝ መጥቶ ችግኙን አየ። አጭሩ ነው የሚበጀው አለ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ለገናቸው ይሆናል። ረጅሙ ያለ ውርጭ አይጣፍጥም፤ አርፍዶ ነው የሚደርስ፤ አንቺ ደግሞ የቀን ገደብ ተሰጥቶሻል አለኝ። ጎረቤቴም አጭሩ ነው አለች። ባለቤቴም ያለው አጭሩን ነበር።

ሁሉም ልክ ናቸው። ያንለት ሁለቱን ፖስታዎች ይዤ መደቡ ዳር ተቀመጥኩ። በአጭሩ ፖስታ ላይ እብጠቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተስለዋል፤ ሠዓሊው ያማሩ መስለውት ነው። በረጅሙ ላይ ግን ተራርቀዋል፤ በመካከላቸው አገዳው ይታያል። በሁለቱም ላይ የሚያምር ነገር የለም። ነገር ግን ወደ አጭሩ እጄን ልሰድ ስል ጣቴ የሚያውቀውን አንገት አገኘ።

የአጭሩን ችግኝ በሙሉ ነቅዬ በአጥሩ ላይ ለጎረቤቴ በጎች ጣልኩት።

«ምነው እቴ» አለች ደንግጣ፣ «የሟቹ ምርጫ አልነበረም እንዴ?»

«እጄን የማስገባበት እኔ ነኝ» አልኳት።

በጎቹም አሽትተው ትንሽ ከቀመሱ በኋላ ተዉት።

ረጅሙን በዚያ አውድማ ላይ በመቆፈሪያ ቀዳዳ እያበጀሁ ተከልኩት። መቆፈሪያው ድንጋይ የመታ ይመስል ይነጥር ነበር። መስከረም ላይ ክሽክሹ መጣ፤ በሳሙና ውሃ አጠብኩት፤ እየተንገፈገፍኩ፣ ፊቴን ወደ ጎን መልሼ ነው ያጠብኩት። ኅዳር ላይ በየብብቱ ምስር የሚያህል ነገር ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ሽምብራ አከለ። ወጥ ሠሪው የፈረንጆች ገና ሊደርስ ሲል ጆንያ ይዞ መጣ፤ አየው፤ ጆንያውን ባዶውን አጥፎ ይዞ ተመለሰ።

«አጭሩን ተክለሽ ቢሆን እትዬ» አለኝ በሩ ላይ።

ገናቸው አለፈ። ውርጭ መውደቅ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት የላይኛው ቅጠል በረዶ የለበሰ ብርጭቆ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠወልጋል። አለቀለት አልኩ። ሻንጣዬን አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ። የኛም ገና አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው እብጠቱ በድንገት መክበድ የጀመረው፤ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ አገዳው ላይ ፈንጠር ፈንጠር ብሎ።

ጥምቀት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥ ሠሪው እንደገና መጣ። ወጥ የሚሠራላት የፈረንጅ እመቤት አትክልተኛ የተከለው አጭሩ ገና ሳይለቀም እንደ አበባ ተበታትኖ ተበላሽቷል፤ በሌላውም ቤት እንዲሁ ነው፤ እሷ ግን እንግዳ ጠርታለች። አንዱን ቆርጦ በሁለት ጣቱ ጨመቀው። እንደ ጠጠር ጠንክሯል። ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን አየ፤ ነጭ ነው፤ ክሽክሽ የለበትም።

«መሬቱን ምን አድርገሽው ነው?» አለኝ።

«ምንም። ለቀስተኛ ረገጠው።»

ከት ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ፤ ይህ ጎመን የላላ መሬት ላይ ጥቅሉ ይላላል፤ ሥሩ የሚቆነጥጠው ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ባለቤቴም እኔም ይህን አናውቅም ነበር፤ ያን ሁሉ ያስቆፈርነው ለማበላሸት ነበር። ያን ንፍጣም ሰውዬ፣ ያን ሁሉ የረጠበ ካልሲ አስታወስኩ። አላመሰገንኳቸውም። ግን ከዚያ በኋላ መጥላቴ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ወንድሜ ከጥምቀት በኋላ ሲመጡ ወጥ ሠሪው ሁለተኛውን ጆንያ እየሞላ ነበር። ቆመው አዩ። አንድ ጥሬውን አንሥተው ነከሱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ወደ አጥሩ ዞረው ተፉት።

«ይህን ይበሉታል?»

«ይበሉታል ጋሼ።»

«ሆዳቸው አይታመምም?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

አፋቸውን በውሃ ተጉመጠመጡ። ውለው አድረው ጠዋት ብቻቸውን ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ሲሰናበቱኝ የበሩን መቀርቀሪያ ወዝወዝ አድርገው፣ የሚይዝ መሆኑን አረጋግጠው ሄዱ።

ዘሩን ወጥ ሠሪው ከእመቤቲቱ ተቀብሎ ያመጣልኛል። አሁን የምተክለው ረጅሙን ብቻ ነው። አሁንም ይቀፈኛል፤ ለቅሜ፣ የውጪውን ቅጠል ልጬ፣ በጆንያ አድርጌ እሸጣለሁ። አልበላውም።