የእህቴ መንጋጋና የእኔ አውራ ጣቶች

እህቴ ስትስቅ መንጋጋዋ ይወልቃል። እኔ ደግሞ አለመታደል ሆኖ ቀልደኛ ነኝ።

ሁለታችንም ልብስ ሰፊዎች ነን፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ፊት ለፊት። በቁልፍ ቀዳዳ ሥራ ማንም አይደርስባትም፤ እኔ የምበልጣት በወሬ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሱሪ ጠቦት ሆዱን ውጦ የቆመ ደንበኛ አስመስዬ ስራመድ ከት ብላ ሳቀች፤ አፏም ተከፍቶ ቀረ። ምራቋ እየተዝረበረበ በዓይኗ ለመነችኝ። አውራ ጣቶቼን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ ጥርሶቿ ላይ አሳረፍኩና ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ገፋሁት። ቀጭ ብሎ ገባ። ጥርሷም ጨርቁን አልፎ ነከሰኝ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አበጠ። "ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ?" ባለችኝ ቁጥር "እኔ እያለሁልሽ?" እላታለሁ። ይባስ ብዬ ደንበኛ ፊት ሆን ብዬ አስቃት ነበር፤ ጉድ ላሳይባት። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ብገፋ፣ ብገፋ እምቢ አለ። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ በመርፌ ጡንቻዋን አላልቶ መለሰውና አውራ ጣቷን እንድታጥፍ ጠየቃት። ጣቷ ክንዷ ላይ ተኛ። ልጆች ሳለን "ለእንግዶቹ አሳዪ" እያልኩ የማስጨበጭብላት ጣት ነው።

"ጅማቶችሽ ከተፈጥሮ የላሉ ናቸው" አላት። "መንጋጋሽም የወለቀው ለዚህ ነው። በወለቀ ቁጥር ይብስበታል፤ ኋላ በማዛጋትም መውለቅ ይጀምራል። ከዚህ በፊት ወልቆ ያውቃል?"

በፋሻ የታሰረ አገጯን ይዛ በጥርሷ መሃል "ኧረ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ወደ እኔ ዞር አላለችም።

"እንግዲያው ለጥቂት ቀን አፍሽን በሰፊው አትክፈቺ። ተደጋግሞ ቢሆን ኖሮ ወደ ቀዶ ሐኪም እጽፍልሽ ነበር።"

ኮሪደሩ ላይ "ለምን ዋሸሽ?" አልኳት።

"ምን ልበል ታዲያ ወንድምዓለም? እሱ ነው የሚያስወልቀኝ ልበል?"

እኔን ላለማሳፈር መንጋጋዋን ልታጣ ነው። ተመልሼ አንኳኳሁ።

"ዶክተር፣ ዋሽታዎታለች። ከአሥር ጊዜ በላይ ወልቋል።"

"ማን ነበር የሚመልሰው?"

ጥርሷ ጠባሳ ያተመባቸውን ሁለት አውራ ጣቶቼን ዘረጋሁለት።