ከሐይቅ የወጣ በርጩማ

ግድቡ የዋጠውን መንደር ከውሃው በፊት ቤት በቤት የማስታውስ እኔ ነኝ። በጋምቤላ ከተማ ይህን የሚሉ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ዓይኑ ጠፍቷል፤ አንዷ የባሌ ታላቅ እህት ናት፣ ወገቧ ጎብጦ ጀልባ ላይ መውጣት አትችልም። ቅርስ አጥኚዎቹ የቀጠሩኝ ለዚህ ነው። የባሌ እህት ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው እየሰማ፣ "የመረጧት ጸባይዋን ስላላወቁ ነው" አለች።

አጥኚዎቹ የሚፈልጉት የእኛን መንደር አልነበረም። ከጎጆዎቻችን ሥር፣ አያቶቻችን እንኳ የማያውቋቸው ሰዎች የኖሩበት የጥንት ሰፈር ነበር፤ ውሃው ሲመጣ ሁለቱም አብረው ሰጠሙ። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ታች የወረደ ጠላቂ የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ ገመድ ዘርግተው፣ ጭቃውን ስንዝር በስንዝር እየዳበሱ ይሠሩ ነበር፤ አንድ ሰው ጀልባዋ ላይ ቆሞ አዞ ይጠብቃል። እኔ ዋርካው የት እንደነበረ፣ የማን ቤት ከማን ቤት ቀጥሎ እንደነበረ አሳያለሁ።

የወጣው ዕቃ ከተማ ወዳለው መጋዘን ይመጣል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር፤ በየጠዋቱ የሳፋዎቹን ውሃ እቀይራለሁ። ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለኝ፦

"እናቴ፣ ሸክላው ቢደርቅ ግድ የለም። እንጨት ግን ለአንድ ቀን እንኳ ከውሃ እንዳይወጣ። ውስጡ አልቋል፤ ቅርጹን የያዘው ውሃው ነው። ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ የሚጠግነውም የለም።"

አንዴ የተነገረኝን አልረሳም።

ከዚያ የባሌ አባት በርጩማ ወጣ፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። የመንደሩ አለቃ ነበርና ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም።

ውሃው ሲጠጋን የመጣልን አንድ የትራክተር ተሳቢ ብቻ ነበር። ለበርጩማው በተተወችው ቦታ የታመመች እናቴን አስቀመጥኳት፤ በርጩማው ለሁለተኛው ዙር ይደርሳል ብዬ መሬት ላይ ተውኩት። ሁለተኛ ዙር አልነበረም። የባሌ እህት ሽማግሌ ሰብስባ "የአባቴን ወንበር ሆን ብላ ለውሃ ሰጠችው" አለች። ባሌ መሬት መሬት አየ። እኔን ከነእናቴ ወደ አባቴ ቤት ሰደዱኝ፤ የአራት ዓመት ልጄን አስቀሯት። ልጄ ያቺን ሴት እማዬ እያለች አደገች። ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

የባሌ እህት በርጩማው መገኘቱን እንደሰማች በባጃጅ መጣች። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

"ምነው ዘፈዘፍሽው? ቦቆሎ ነው?"

"እንዲህ አድርጊ ተባልኩ።"

"አንቺ የታዘዝሽውን ማድረግ የጀመርሽው መቼ ነው?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ወንድሜ ሞቷል። እኔም ክረምቱን አላይም። እሑድ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ የወንድሜን ትልቁን ወንድ ልጅ አባቴ ወንበር ላይ አስቀምጬ ልመርቀው። ለአንድ ቀን ብቻ። እለምንሻለሁ።"

"አልሰማሁሽም።"

እንደሰማኋት ታውቃለች። "እለምንሻለሁ" አለች ደግማ።

አውጥቼ ሰጠኋት። ጭቃው ላይ ጣቷን እያሳለፈች "ፀሐይ ላይ ላድርቀው?" አለችኝ።

"የአባትሽ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ" አልኳት።

እሑድ እኔንም ጠራችኝ። የፕላስቲክ ወንበርና ኮካ ሰጡኝ፤ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በርጩማው ከጠዋት ጀምሮ ግቢው መሐል የመጋቢት ፀሐይ ላይ ነበር። ዘይት ቀብታዋለች፤ ያብለጨልጫል። መጀመሪያ የተሰማው የኦቾሎኒ ቅርፊት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ቀጥሎ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። የባሌ እህት አላየችም፤ ዓይኗ ደክሟል። እኔ አየሁ፤ ኮካዬን ጠጣሁ።

ጸሎቱ አልቆ ወጣቱ ሲቀመጥበት በርጩማው ከሥሩ ተበታተነ። ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወ። በጉልበቷ ወርዳ ስብርባሪውን ለቀመች። "ውሃ አምጡ፤ ውሃ ውስጥ ክተቱት" አለች።

"ከእንግዲህ ውሃ አይዘውም" አልኩ ከተቀመጥኩበት።

ልጄ ወደ እኔ መጣች። "ይሰበራል ብለው ነግረውሽ ነበር?"

"ነግረውኛል።"

"ለምን አልነገርሻትም? አሮጊት ናት። እናቴ ናት።"

"አንቺን ከእናትሽ ስትወስድ ለእኔም የነገረኝ አልነበረም" አልኳት። ሄዳ ስብርባሪውን አብራ ትለቅም ጀመር።

የባሌ እህት እንዳለችው ክረምቱን አላየችም። በኀዘን ሞተች የሚሉ አሉ። ኩላሊቷ ነበር።

ከሥራ የተሰናበትኩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በርጩማው በተሰበረበት ሳምንት ነው። ኃላፊው እናቴ ማለቱን ትቶ አንድ ደብዳቤ አቀረበልኝና ማየቴን እንድፈርም ጠየቀኝ። ልጄ ነች የጻፈችው። ስሜን አላነሣችም፤ "የመጋዘኑ ጠባቂ" ነው ያለችኝ። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። የልጄን የእጅ ጽሕፈት ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ኃላፊው እስኪሰለች ይዤው ቆየሁ፤ ከዚያ ፈረምኩ።