በአንድ ጉድጓድ ሁለት አቤቱታ

ወይዘሮ ቬርና ሆክ በየማለዳው፣ ቁርስ ከመቅመሳቸው በፊት፣ ደጃፋቸው ላይ ወዳለችው የአበባ ማሰሮ ጎንበስ ይላሉ። ማሰሮዋ አበባ የላትም፤ አፈር ብቻ ናት። ከአፈሩ ቆንጠር ያደርጉና እንትፍ ብለው አርጥበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ያሹታል። ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ይገባሉ።

“ዛሬስ ተናገረ?” ይላሉ ባለቤታቸው መርል፣ ከምድጃው ሳይዞሩ።

“ዝም ብሏል።”

አፈሩ ዝም ማለት የጀመረው የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ነው። መጀመሪያ የትንሿ ጣት ጫፍ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ሐኪሙ የነርቭ ነገር ነው፣ ከዕድሜ ጋር ይመጣል አላቸው። ለሌላ ሰው ቢሆን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ከማስቸገር አያልፍም። ለወይዘሮ ቬርና ግን ጣት ዓይንም ጆሮም ነበር።

የላም አርቢ ልጅ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው የአውራጃው አፈር ጥበቃ ቢሮ በታይፒስትነት ቀጠራቸው። አንድ ቀን አፈር መርማሪው ረዳቱ ቢቀርበት፣ መሰርሰሪያውን እንዲሸከሙለት ይዟቸው ወጣ። እርሻው መሃል ሲደርሱ ለጨዋታ ያህል ጭብጥ አፈር ሰጣቸውና “ይሄ ምንድን ነው ትያለሽ?” አላቸው። አሹት። “ሸክላ ነው፤ ግን ደለል አለበት፣ ዱቄት ዱቄት ይላል” አሉ። ሰውየው ሳቀ። ቤተ ሙከራ ልኮ ሲያስመረምረው ግን እንዳሉት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ታይፑን የመታው ሌላ ሰው ነው።

በዚያ በፔንሲልቬንያ ኮረብቶች መሃል ባለው አውራጃ፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው በአካባቢ ሳይንስ ይወዳደራሉ። በአውራጃው መናፈሻ ደን ውስጥ የዛፉ ጣቢያ አለ፤ የአውሬው አለ፤ የውሃው አለ። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ቡድኖቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። የአፈሩ ጣቢያ ጉድጓድ ነው፤ ደረት የሚያደርስ፣ ግድግዳው የተላገ፣ ንብርብሩ እንደ ኬክ የሚታይ። ያንን ጉድጓድ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስቆፈሩት፣ ጥያቄውንም መልሱንም የጻፉት ወይዘሮ ቬርና ናቸው። ጡረታ ወጥተውም አልተዉትም።

ስለ ጣቶቻቸው ከመርል በቀር ለማንም ያልተናገሩት በዚህ ምክንያት ነበር። የዛፉ ዳኛ የነበሩት አቶ ኤልውድ ዓይናቸው ደክሞ የታመመ ዛፍ ጤነኛ ነው ካሉ ወዲህ፣ መግቢያው ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው ቲሸርት ያድላሉ። ሁሉም ያከብራቸዋል፤ ማንም ምንም አይጠይቃቸውም። ወይዘሮ ቬርና ያንን ጠረጴዛ ሲያዩ መንገድ ቀይረው ያልፋሉ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ስለ ዘዴው ኋላ እንመጣበታለን፤ ለአራት ዓመት የመልሱ ወረቀት አንዲት ስህተት አልወጣበትም። ዘንድሮ ግን ዘዴው ራሱ ከዳቸው።

በውድድሩ ቀን ጠዋት ካፍያ ነበር። መጨረሻ ላይ ወደ ጉድጓዱ የወረዱት የፓይን ሆሎው ልጆች ናቸው፤ ከትንሽ መንደር፣ ከትንሽ ትምህርት ቤት። የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድንም እነሱው ናቸው ይባላል። ብሮክ የሚባለው ረጅሙ ልጅ ከግድግዳው ቆንጥሮ እያሸ፣

“ሚስስ ሆክ፣ ይሄ አፈር ነው ወይስ የእህቴ ኬክ?” አለ።

“የእህትህን ኬክ ሳልቀምስ አልፈርድም። ሥራህን ሥራ።”

ሰባተኛው ጥያቄ መካከለኛው ቀይ ንብርብር ምን ዓይነት አፈር እንደሆነ የሚጠይቀው ነበር። ልጆቹ በአውራ ጣታቸው እየገፉ አፈሩን እንደ ሪባን አወጡት፤ ሪባኑ ሳይበጠስ ከረዘመ ሸክላው ብዙ ነው ማለት ነው።

“ሸክላ ነው፤ በቃ ጻፉት” አለ ብሮክ። “እዩት እንጂ፣ ክርኔ ሊደርስ ነው።”

“አሸዋ አለበት” አለች ዴላኒ። እጅጌዋ እስከ ጣቷ የሚደርስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ድምጿ ያልተሰማ ልጅ ናት።

“የት አለ?”

“ሪባኑን ተወው። ጣትህን ጠይቀው።”

ወይዘሮ ቬርና ሰሙ። ‘ጣትህን ጠይቀው’ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ሲናገሩት የኖሩት የራሳቸው ቃል ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ባለው የመልስ ወረቀት ላይ ግን ‘ሸክላ’ ብለው ጽፈዋል።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ መልሶቹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያ ለአስር ደቂቃ አቤቱታ ይፈቀዳል፤ በጽሑፍ ብቻ፣ በቢጫው ወረቀት። ደንቡ ምሳ ሳይቀርብ መልስ ይሰጥ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ዛፉ ነው። ውድድሩን የሚመራው ጌለን፣ እሱም በልጅነቱ በዚያው ጉድጓድ ያለፈ፣ ቢጫ ወረቀት ይዞ ራሱን እያከከ መጣ።

“እትዬ ቬርና፣ አቤቱታ መጥቷል።”

“በዛፉ ላይ?”

“በእርስዎ ላይ።”

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ‘ጥያቄ ሰባት። እባክዎ አንድ ጊዜ እንደገና ይሹት። ከይቅርታ ጋር፣ ፓይን ሆሎው።’

ወይዘሮ ቬርና መሰላሉን ይዘው ወረዱ። ሁሉም ቡድን ጉድጓዱን ከቦ ቆመ። ከቀዩ ንብርብር ቆንጥረው፣ አርጥበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሹ። ምንም የለም። ‘ሸክላ ነው’ ቢሉ ማንም አይጠራጠራቸውም፤ ጌለን እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ አቤቱታውን ውድቅ ሊያደርግ ተዘጋጅቷል። ቀና ሲሉ ጠርዙ ላይ ዴላኒን አዩዋት። ጆሮዋ ቀልቷል፤ ጣቷን ግን አሁንም እያሸች ነው።

“ነይ ውረጂ። ጣትሽን አውሺኝ።”

ወርዳ አሸች።

“ምን ይልሻል?”

“ሸክላ ነው... ግን መሃል መሃሉ ይቧጥጣል። ጨው የገባበት ሊጥ ይመስላል።”

“እኔን ምንም አይለኝም” አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው። “ጣቶቼ ከደነዘዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ጌለን፣ መኪናዬ ውስጥ ባዶ የኮመጠጠ ኪያር ጠርሙስ አለ፣ አምጣው። የእሷን ጣት ጠርሙሱ ይፍረድላት።”

አፈሩን ከውሃና ከሁለት ጠብታ ሳሙና ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ከተው ናጡትና ሳጥን ላይ አስቀመጡት። ሸክላ ለቀናት ይንሳፈፋል፤ አሸዋ ግን ወዲያው ይሰጥማል። ልጆቹ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አርባ ላይ ሲደርሱ ከታች ሁለት ጣት የሚሞላ አሸዋ ተኝቷል።

“ፓይን ሆሎው ሁለት ነጥብ ይጨመርላቸው” አሉ ወይዘሮ ቬርና። “ሸክላ ብቻ ያለ ሁሉ ይቀነስበት።”

“የእኔ ሪባን እኮ እንዴት ያምር ነበር!” አለ ከትልቁ ትምህርት ቤት አንዱ።

“ፀጉርህን እሰርበት።”

ሳቁ ሳይበርድ ወጥተው ጭቃቸውን አራገፉ። “በል ጌለን፣ ለከርሞ ቲሸርቱን ለእኔ አድርገው። ከኤልውድ ጋር እንካፈለዋለን።” ቀልድ ለማስመሰል ሞክረው ነበር፤ ዓይናቸውን ግን ወደ መግቢያው ጠረጴዛ አላዞሩም። ጌለን ቦት ጫማውን አየ።

“አቤቱታ አለኝ” የሚል ድምፅ ከጉድጓዱ ውስጥ መጣ። ዴላኒ አልወጣችም ነበር።

“ስለ ምን?” አለ ጌለን።

“ስለ ቲሸርቱ።”

“በጽሑፍ ብቻ።”

ብሮክ ዘሎ ወርዶ ጀርባውን ጠረጴዛ አደረገላት። ‘ሚስስ ሆክ ቲሸርት ካደሉ ጉድጓዱ ውስጥ ማን ይሰድበናል? ጣት እኛ እናመጣለን’ ብላ ጻፈች። አምስቱም ፈረሙ። ነጥብ የተቀነሰባቸውም ፈረሙ። ፊቱ ሲሞላ ወረቀቱ ተገለበጠ፤ አቶ ኤልውድም ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጥተው ጥግ ላይ ፈረሙ።

ምሳውን ያዘጋጁት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሚስቶች የዶሮና የበቆሎ ሾርባውን ድስት በጭልፋ መምታት ጀመሩ። ጌለን ወረቀቱን አነበበ፤ ድስቱን አየ።

“ደንቡ ከምሳ በፊት ይላል፣ እኔ ደግሞ ርቦኛል” አለ። “ተቀብያለሁ።”

ፓይን ሆሎው በጠቅላላው ሦስተኛ ወጡ፤ የአፈሩ ሽልማት ግን የእነሱ ሆነ። ወይዘሮ ቬርና ሾርባቸውን ጨርሰው፣ ከሾርባው ጋር የታደለውን ፖም ለመርል ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ያን ቀን በአንድ ጉድጓድ በሁለት አቤቱታ ተረቱ፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው ወደ ቤት የገቡበት ቀን ግን ትዝ አይላቸውም።

ማሰሮዋ አሁንም ደጃፉ ላይ ናት፤ በየማለዳውም አፈሯን ያሹታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዴላኒ በብስክሌት ትመጣለች፤ ወይዘሮ ቬርና የየእርሻውን አፈር በከረጢት ይዘው ይጠብቋታል። እሷ ታሻለች፣ እሳቸው ይጠይቃሉ።

“ተናገረ?” ይላሉ መርል።

“መቼ ዝም አለ!” ይላሉ ወይዘሮ ቬርና።

ይህን ሁሉ ለእኔ ለጸሐፊዋ በፈቃዳቸው ነው የተናገሩት። የደነዘዘውን ጣት ጻፊው አሉ፤ የተሳሳትኩትን መልስም ጻፊው አሉ። አንዲት ነገር ብቻ እንድትቀር ለመኑ፤ ያችን ዘዴ። ጣታቸው ከደነዘዘ ወዲህ፣ ማንም ሳያያቸው አፈሩን በፊት ጥርሳቸው ነክሰው ነበር የሚለዩት፤ ጥርስ አሸዋን አይስትም። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ጥርሳቸው ሁሉ ተነቅሎ ሰው ሠራሽ ገባላቸው፤ እሱ ደግሞ ፖም አይገምጥ፣ አሸዋ አይለይ።

“ጣቴን ዓለም ይወቀው፤ ጥርሴን ግን ተይልኝ” አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው እየሳቁ። “ግድ ካልሽም ከመጨረሻው አድርጊው። እዚያ ድረስ የሚያነብ የለም።”