ያጠንኩት የወፍ ቤት

ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚያው ሪያድ በሚባለው ሰፈር ተቀጥሬ የምሠራበት ቤት ውስጥ ዓይናቸው የፈዘዘ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የመዳም እናት ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ሐቡባ ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግፌ አወጣቸውና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አልጋቸው ላይ አስተኛቸዋለሁ። እግራቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ እኔ ካላነሳኋቸው ካስተኛኋቸው ቦታ አይነሱም።

የቀራቸው ደስታ የድንቢጥ ጫጫታ ነበር። ድንቢጦቹ አሮጌው የአየር ማቀዝቀዣ በተነቀለበት የግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ይኖሩ ነበር። መዳም ቀዳዳውን በሲሚንቶ አስደፈነችው፣ ወፎቹም ሄዱ።

«ያ ቢቲ፣ ቤቱ ዲዳ ሆነብኝ» አሉኝ ሐቡባ። «ልጄ፣ ቤት ሥሪላቸው።»

መዳም ሰምታ ሳቀች። «ተይ፣ ግቢ ከማቆሸሽ በቀር ምን ይፈይዳል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ተይ ሲሉኝ ይብስብኛል።

የማንጎ ሣጥን ፈታሁና ጣውላውን ቆራርጬ በምስማር መታሁት። መግቢያውን በጋለ ብረት በሳሁ፤ በቢላ አሰፋሁት። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። አባቴ ወሎ ውስጥ ቀፎ ሰቃይ ነበር፤ ክንፍ ላለው ፍጥረት ቤት ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ቀፎውን ውስጡን እበት ለቅልቆ፣ በወይራ ጢስ ሳያጥን አይሰቅልም። ቤቱ እንዲህ ካላማረ ማን ይገባበታል ይላል። ስለዚህ በአህያ ጋሪ ወተት የሚያመጣልንን ሰውዬ እበት በፌስታል እንዲያመጣልኝ ለመንኩት፤ እንደ እብድ አየኝ፣ ግን አመጣ። ወይራ ስላጣሁ መዳም ገላዋን ጢስ ከምትሞቅበት የጠልህ እንጨት ሰርቄ አጨስኩ። ሽታው ልብ ያውዳል። በራሴ ኮራሁ።

ሐቡባ እንዲሰሙ ብዬ ዝቅ አድርጌ ከራስጌያቸው በላይ ኒሙ ላይ ሰቀልኩት። ምርኩዛቸው ይደርስበታል። በየጠዋቱ ሥሩን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጉና «ፊ ዞል? ሰው አለ?» ይላሉ። ከዚያ ጆሯቸውን አቅንተው ይጠብቃሉ።

ድንቢጦቹ አጥር ላይ አርፈው ያዩታል፤ ከዚያ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ንብ መጣች። ገባች፣ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ቀዳዳው አድርጋ ወዲያና ወዲህ ተንሳፈፈች፣ ሄደች። የቀፎ ሰቃይ ልጅ ነኝና ወዲያው አወቅኋት። ይህች አበባ ፈላጊ አይደለችም፤ መንጋው የላካት ቤት ፈላጊ ናት። በማግስቱ ስድስት ሆነው መጡ።

ያን ጊዜውኑ ማውረድ ነበረብኝ። ግን ካወረድኩት መዳም ለምን ትለኛለች፣ እበቱም የጠልህ ስርቆቱም ይወጣል። ደግሞ ሐቡባን ምን ልበላቸው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። አርብ ቤተሰቡ ሲወጣ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ አልኩ። እስከዚያው በየጠዋቱ ያ ምርኩዝ ኳ ኳ ባለ ቁጥር ብቅ ብዬ ቀዳዳውን አያለሁ።

አርብ ቤተሰቡ ዘመድ ጥየቃ ኦምዱርማን ሄደ። ሐቡባን እንደ ልማዴ አስተኛኋቸው። የታጠበውን አንሶላ ከሰገነት ላይ ሰብስቤ ልምጣና አወርደዋለሁ አልኩ። ይህችን ስንፍናዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ሰገነቱ ላይ እያለሁ ከጎረቤት አጥር በላይ ያ የማውቀው የንብ መንጋ ድምፅ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መንጋው እንደ ጢስ እየተጠቀለለ ወደ ኒሙ ወረደ።

አንሶላውን እንደታቀፍኩ በደረጃው ተወረወርኩ። ሐቡባ ፊታቸው በርቷል።

«ስሚ! መጡ! ሁሉም መጡ፣ ማሻአላህ!» እያሉ ምርኩዛቸውን አነሱ።

«አይንኩት! ሐቡባ፣ አይንኩት!»

ኳ፣ ኳ። «ፊ ዞል?»

አንሶላውን ከራሳቸው እስከ እግራቸው ጣልኩባቸውና በላያቸው ተደፋሁ። ከዚያ አቅፌ ወደ በሩ ጎተትኳቸው። አንገቴና ፊቴ እሳት ሆነ። አንሶላው ውስጥ ሆነው «ምን አደረግኋቸው? ምን በደልኳቸው?» ይላሉ። በሩን ስዘጋ እጃቸው ሁለት ቦታ ተነድፎ ነበር። አንሶላውን ገልጬ ሳይ ይተነፍሳሉ። አላህን አመሰገንኩ፣ አለቀስኩም።

«ንብ ነው፣ ሐቡባ» አልኳቸው።

«ከየት መጣ?»

«እንጃ።»

ማታ መዳም አብጦ የተደፈነ ዓይኔን አይታ አቀፈችኝ፤ አቅፋኝ አታውቅም። ሣጥኑን የጎረቤት ዘበኛ መጥቶ በጋዝ አቃጠለው። ሐቡባ ለሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ «ይህች ልጅ ፊቷን ሰጠችልኝ» ይላሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ግቢ አልወጡም። አንድ ጠዋት ክፍላቸው መስኮት ላይ ዋኔ አርፋ ታጉተመትም ጀመር። ደስ ይላቸዋል ብዬ መስኮቱን መክፈት ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ዝጊው፣ ያ ቢቲ። ወፎቼ መጥተው ነበር፤ እኔ በማንኳኳቴ ንቡን ጠራሁባቸው። በኔ የተነሳ ፊትሽ ተበላ። ኸላስ፣ በቃኝ፣ አይምጡብኝ።»

ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ሦስት ቃል ነው። መስኮቱን ዘጋሁት።